የሸርጣንና የዘመዶቹ አካል፦ በጣና ዳርቻ ጥፋተኛው ማን ነው?



ውድ አንባቢያን፣ ክረምቱ ባበቃበት ሰሞን አንዲት እናት ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ ተሳፍራ ባሕር ዳር ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። በእጇ የሐኪም ማዘዣ ይዛለች። ከጎኗ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት የሚሆነው ልጇ ቆሟል። ልጁ ባዶ የቲማቲም ጣሳ በሁለት እጁ አቅፏል። ጎንበስ ብዬ ሳይ በጣሳው ውስጥ አንድ ሸርጣን አለ።

ማዘዣው ላይ የተጻፈው ፕራዚኳንቴል ነበር፤ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ነው። እናትየው ግን የበሽታውን ምክንያት አስቀድማ ወስናለች። «እህቴ፣ ልጄን የጎዳው ይኼ ነው» አለችኝ ወደ ጣሳው እያመለከተች። «ሐይቁ ዳር ሲጫወት ቆነጠጠው። ከዚያ ወዲህ ነው ከሰገራው ጋር ደም ማየት የጀመረው። ጎረቤቶቼም መርዙ ወደ ሆዱ ገብቶ ነው ብለውኛል።» ልጁ ደግሞ የራሱ ጥያቄ ነበረው፦ «እትዬ፣ አንድ እግሩ ተቆርጦ አየሁት፤ ደም ግን አልወጣውም። ደም የለውም እንዴ?»

ያን ዕለት ወረፋው ረጅም ነበር። መድኃኒቱን ሰጠኋት፣ አወሳሰዱን ነገርኳት፣ ሸርጣኑ ጥፋተኛ እንዳልሆነም በአጭሩ ተናገርኩ። ነገር ግን ልጁ በማግሥቱ ተመልሶ ወደዚያው ውሃ ቢገባ በሽታው እንደገና እንደሚይዘው አላስረዳኋትም። ለልጁም ጥያቄ በወጉ አልመለስኩለትም። ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን የሸርጣንንና የዘመዶቹን አካል ክፍል በክፍል እንመለከታለን። ሰውነቱን ስናውቅ የማይጎዳንን ከሚጎዳን ለይተን እናውቃለን፤ ቤታችንንም ከእውነተኛው ጥፋተኛ እንጠብቃለን፣ ኢንሻ አላህ።

ሸርጣን ከየትኛው ቤተሰብ ነው?

በዐረብኛ ሸርጣን «ሰረጧን» ይባላል። ይኸው ቃል የካንሰር በሽታም ስም ነው። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች እብጠቱንና በዙሪያው የተወጠሩትን የደም ሥሮች ሲያዩ እግሮቹን የዘረጋ ሸርጣን መሰላቸውና በሸርጣን ስም ጠሩት። ስሙ በዚህ መልክ ተወራርሶ እኛም ዘንድ ደረሰ። ስለዚህ ስሙ የመጣው ከመልክ መመሳሰል ብቻ ነው። ሸርጣን ካንሰርን አያመጣም፤ ካንሰርንም አያድንም።

ሸርጣን ክሩስታሺያ ከሚባለው ትልቅ የእንስሳት ወገን ነው። በዚህ ወገን ውስጥ በባሕር የሚኖሩት ሎብስተርና ሽሪምፕ፣ በወንዝና በሐይቅ የሚኖረው ክሬይፊሽ፣ እንዲሁም በዐይን ለማየት የሚያስቸግሩ የውሃ ቁንጫ የሚባሉት ደቃቅ ፍጥረታት ይገኛሉ። ነፍሳትና ሸረሪቶችም የሩቅ ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ሁሉም መገጣጠሚያ ያለው እግርና ውጫዊ ቅርፊት አላቸውና።

በትምህርት መጻሕፍት ለዚህ ወገን ምሳሌ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ክሬይፊሽ ነው። መልኩ ትንሽ ሎብስተርን ይመስላል፤ ረዘም ያለ፣ ሁለት ትላልቅ መቆንጠጫዎችና በማራገቢያ ቅርጽ የሚያበቃ ጅራት ያለው ነው። ክሬይፊሽ በተፈጥሮው በማዳጋስካር ደሴት ቢገኝም በአፍሪካ ዋና ምድር ግን አልነበረም። የእኛ አገር ወንዞችና ሐይቆች ያላቸው ሸርጣን ነው፤ አብዛኞቹም ፖታሞናውቴስ ከሚባለው የአፍሪካ ነጭ ውሃ ሸርጣን ወገን ናቸው። የሁለቱ ውስጣዊ አሠራር እጅግ ስለሚመሳሰል አንዱን ማወቅ ሌላውን ማወቅ ነው።

ልብሱም አጥንቱም አንድ ነው

እኛ አጥንታችን ከውስጥ፣ ሥጋችን ከውጭ ነው። የሸርጣን ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ አጽሙ ከውጭ ሆኖ ሥጋው ከውስጥ ይገኛል። ቅርፊቱ ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ንጥረ ነገርና ከፕሮቲን የተሠራ ሲሆን ካልሲየም ካርቦኔት ያጠነክረዋል። ካልሲየም ካርቦኔት የእንቁላል ቅርፊትም የተሠራበት ነው።

ራሱና ደረቱ በአንድ ጋሻ መሰል ቅርፊት ተሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ሆዱ ይቀጥላል። በክሬይፊሽ ሆዱ ወደ ኋላ የተዘረጋ ጡንቻማ ጅራት ነው፤ በሸርጣን ግን ተጣጥፎ ከደረቱ ሥር ተለጥፏል። ሸርጣንን ገልብጣችሁ ብታዩ ይህ የታጠፈ ሆድ ይታያችኋል። ጠባብ ከሆነ ወንድ፣ ሰፊ ከሆነ ሴት ነው።

ክሬይፊሽ 19 ጥንድ ተቀጥላዎች አሉት። ሁለቱ ጥንድ መዳሰሻ ቀንዶች ናቸው፤ ስድስቱ ጥንድ በአፉ ዙሪያ ሆነው ምግብ ይይዛሉ፣ ይቆራርጣሉ፤ አምስቱ ጥንድ መቆንጠጫዎቹና መሄጃ እግሮቹ ናቸው፤ የቀሩት ስድስት ጥንድ ከሆዱ ሥርና ከጅራቱ ጫፍ ይገኛሉ። የሸርጣንም እግሮች መቆንጠጫዎቹን ጨምሮ አሥር ናቸው።

ጠንካራ ልብስ ግን አብሮ አያድግም። ስለዚህ እንስሳው ሲያድግ አሮጌውን ቅርፊት ያወልቃል። ከአሮጌው ሥር አዲስ ለስላሳ ቅርፊት ያዘጋጃል፤ አሮጌው ሲሰነጠቅ ወደ ኋላ እየተሳበ ይወጣል፤ ከዚያ ውሃ ወደ ሰውነቱ አስገብቶ ይነፋና አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ተደብቆ ይቆያል። ክሬይፊሽ ይህን ቀን አስቀድሞ ያስብበታል ማለት ይቻላል። ካልሲየሙን ከአሮጌው ቅርፊት መጥጦ በጨጓራው ግድግዳ ላይ እንደ ትንንሽ ጠጠር ያከማቸዋል፤ ካወለቀ በኋላ ያንኑ አሟሙቶ ለአዲሱ ቅርፊት ይጠቀምበታል። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖች ናቸው፤ ማውለቁን የሚያዘገየው ሆርሞን የሚመነጨው በዐይኑ ዘንግ ውስጥ ካለ እጢ ነው።

ልጁ የጠየቀኝ የተቆረጠ እግርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሸርጣን ጠላት እግሩን ሲይዝበት ራሱ ከመገጣጠሚያው አጠገብ በተዘጋጀ ቦታ ላይ ይቆርጠውና ያመልጣል። በዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳውን ወዲያው የሚዘጋ ስስ ሽፋን ስላለ ብዙ አይደማም። በሚቀጥሉት የማውለቅ ጊዜያት አዲስ እግር ቀስ በቀስ ይበቅልለታል።

ጥርሱ በጨጓራው ውስጥ ነው

ሸርጣንና ክሬይፊሽ የሞተ ዓሣ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ያገኙትን ይበላሉ። በአፋቸው ቆራርጠው ይውጡታል እንጂ አላምጠው አይጨርሱትም። ዋናው ማላመጫ በጨጓራቸው ውስጥ ነው። ጨጓራቸው ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ክፍል ጠንካራ ጥርሶች ያሉት ወፍጮ ነው፤ ምግቡን ይፈጨዋል። የኋለኛው ክፍል በደቃቅ ፀጉር የተሞላ ወንፊት ነው፤ የላመውን ብቻ ያሳልፋል። ወፍጮና ወንፊት በአንድ ቤት እንደማለት ነው።

የላመው ምግብ ከጨጓራው ጎን ወዳለ ትልቅ እጢ ይገባል። ይህ እጢ የእኛን የጉበትና የቆሽት ሥራ አንድ ላይ ይሠራል፤ ምግብ የሚያዋህዱ ኢንዛይሞችን ያመነጫል፣ ምግቡን ይመጥጣል፣ ስብ ያከማቻል። ቀሪው በቀጭን አንጀት አልፎ በሆዱ ጫፍ ይወጣል።

በውሃው ውስጥ ያለ የእርሻ ኬሚካልና እንደ ሜርኩሪ ያለ ከባድ ብረትም በዚህ እጢ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ የነፍሳት ማጥፊያ የረጩበትን ዕቃ በሐይቅና በወንዝ ዳር የሚያጥቡ ወንድሞቻችን ይህን ያስቡበት።

ደሙ ሰማያዊ ነው

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንምጣ። ሸርጣን ደም አለው፤ ነገር ግን ቀይ አይደለም።

የእኛ ደም የቀላው ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ብረት ስላለበት ነው። የሸርጣን ደም ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞሳያኒን በሚባል ሌላ ፕሮቲን ሲሆን በውስጡ ያለው ብረት ሳይሆን መዳብ ነው። ኦክስጅን ሲይዝ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ኦክስጅኑን ሲለቅ ደግሞ ቀለም አልባ ይሆናል። ልጁ እግሩ ከተቆረጠበት ቦታ ጥቂት ውሃ መሰል ነገር አይቶ ከሆነ ያየው ደሙን ነው።

የዝውውሩም ሥርዓት ከእኛ ይለያል። ልቡ በጀርባው በኩል ከጋሻው ሥር ይገኛል። ደሙን በቧንቧዎች ወደፊትና ወደኋላ ይረጫል፤ ቧንቧዎቹ ግን ተመልሰው ወደ ልብ የሚያደርሱ አይደሉም። ደሙ በአካል ክፍሎቹ መካከል ባሉ ክፍተቶች ይፈስሳል፣ ሁሉንም ያጥባል፣ በስንጥቦቹ በኩል አልፎ ኦክስጅን ይይዛል፣ በመጨረሻም በልቡ ላይ ባሉ ሦስት ጥንድ ቀዳዳዎች ይመለሳል። ይህ ክፍት ዝውውር ይባላል።

የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው። ስንጥቦቹ ከጋሻው ሥር ግራና ቀኝ ባሉ ክፍሎች ተደብቀዋል። በአፉ አጠገብ ያለች እንደ መቅዘፊያ የምትንቀሳቀስ ተቀጥላ ውሃውን ያለማቋረጥ ትገፋለታለች። ሸርጣን ከውሃ ወጥቶ በዘጌ ድንጋዮች ላይ ሲሄድ የምናየው በስንጥብ ክፍሉ ውስጥ እርጥበት ይዞ ስለሚወጣ ነው። ስንጥቡ ጨርሶ ከደረቀ ግን ይሞታል።

ኩላሊቱ በራሱ ላይ፣ ሚዛኑ በቀንዱ ሥር

የክሬይፊሽ ኩላሊት በመዳሰሻ ቀንዱ ሥር ያለ አንድ ጥንድ አረንጓዴ እጢ ነው። ሽንቱም የሚወጣው በዚያው በራሱ በኩል ነው። በነጭ ውሃ የሚኖር እንስሳ ውሃ ሳይፈልግ ወደ ሰውነቱ ይገባበታል፤ ጨው ደግሞ ይወጣበታል። ክሬይፊሽ ትርፉን ውሃ በአረንጓዴ እጢው ያስወጣል፤ የጎደለውን ጨው በስንጥቡ መልሶ ከውሃው ይመጥጣል።

ነርቩን በተመለከተ፣ አንጎሉ ከጉሮሮው በላይ ያለ ትንሽ ቋጠሮ ነው። ከዚያ ሁለት ክሮች ጉሮሮውን ከበው ይወርዱና በሆዱ ሥር እንደ መቁጠሪያ በተርታ የተቋጠረ የነርቭ ገመድ ይሆናሉ። የእኛ ኅብለ ሰረሰር በጀርባችን ሲያልፍ የእሱ በሆዱ በኩል ያልፋል። ዐይኖቹ በዘንግ ላይ ቆመው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱም ዐይን ከብዙ ደቃቅ ዐይኖች የተሠራ ነው።

ሚዛኑን የሚጠብቅበት አካልም በትንሹ ቀንዱ ሥር አለ። በውስጡ የአሸዋ ቅንጣት ያለበት ትንሽ ከረጢት ነው። አሸዋው ወደ የትኛው ጎን እንደተኛ ተሰምቶት ላይና ታቹን ይለያል። ቅርፊቱን ባወለቀ ቁጥር አሸዋው አብሮ ስለሚወልቅ እንደገና አሸዋ ያስገባል። እ.ኤ.አ በ1893 አሎይስ ክራይድል የተባለ ሳይንቲስት ቅርፊታቸውን ያወለቁ ሽሪምፖችን በአሸዋ ፈንታ የብረት ብናኝ ባለበት ውሃ ውስጥ አኖራቸው። እነርሱም ብናኙን በአሸዋው ቦታ አስገቡት። ከዚያ ማግኔት ከበላያቸው ሲያቀርብ ላይ የነበረው ታች መሰላቸውና ተገለበጡ።

እስካሁን ባየነው ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር እንዳልተጠቀሰ ልብ በሉ። የመርዝ እጢ የለም። የሸርጣን መቆንጠጫ ጡንቻና ቅርፊት ብቻ ነው። ቆንጥጦ ቆዳ ሊያቆስል ይችላል፤ ቁስሉ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቢታጠብ በቂ ነው። ወደ ሆድ የሚገባ መርዝ ግን የለውም። የልጁን ደም ያፈሰሰው ሸርጣኑ አይደለም።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?

ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ በ1851 በካይሮ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። በጣና ዳርቻ ያለው ዓይነት በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ የሚኖር ነው። ወንዱና ሴቷ ትል ተቃቅፈው ለዓመታት ይኖራሉ፤ እንቁላሎቻቸው የአንጀትን ግድግዳ ቀድደው ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ደሙ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎቹ እንቁላሎች ወደ ጉበት ይሄዳሉ። ካልታከመ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፣ ሆድ በውሃ ይሞላል፣ ደም እስከማስመለስም ይደርሳል።

ዑደቱ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው በሐይቅ ዳር ይጸዳዳል፤ ወይም በጫካ የተጸዳዳውን ዝናብ ጠርጎ ሐይቅ ይከተዋል። እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ሲፈለፈል እጩ የሚፈልገው አንድ እንስሳ አለ፤ እርሱም በዳርቻው ሣርና ደንገል ላይ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ከተባዛ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ደቃቅ እጮች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ። እነዚህ እጮች ጤነኛ ቆዳን በስተው ወደ ደም ይገባሉ። የሚበዙት ፀሐይ በምትጠነክርበት በረፋድና በቀትር ነው። ልጆቻችን የሚዋኙት ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው!

ስለዚህ ያ ልጅ ከሸርጣኑ ጋር ሲጫወት የቆመበት ውሃ ነው ያሳመመው። ሸርጣኑ በቦታው ስለነበር ተከሰሰ እንጂ።

ጠላትን የሚበላ እንግዳ እናምጣ?

እዚህ ላይ ሸርጣንና ዘመዶቹ ተከሳሽ መሆናቸው ቀርቶ ረዳት የሆኑበት ታሪክ አለ። ቀንድ አውጣ ይበላሉ ብለን የለ? በኬንያ እ.ኤ.አ በ1999 የታተመ ጥናት የአሜሪካ ቀይ ክሬይፊሽ በኩሬዎች ውስጥ ሲገባ ቀንድ አውጣዎቹ እንደቀነሱና በአካባቢው ተማሪዎች ላይም በቢልሃርዝያ መያዝ እንደቀነሰ አሳይቷል። በሴኔጋል ደግሞ የዲያማ ግድብ እ.ኤ.አ በ1986 ሲጠናቀቅ የወንዝ ሽሪምፖች ወደ ባሕር ወርደው የሚራቡበት መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በወንዙ አካባቢ ቢልሃርዝያ በከፍተኛ ሁኔታ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ ጥናትም ሽሪምፖቹ ወደ አንድ መንደር የውሃ ዳርቻ ሲመለሱ የታመሙ ቀንድ አውጣዎች እንደቀነሱ አረጋግጧል።

ታዲያ ክሬይፊሽ ወደ ጣና እናምጣ? በፍጹም! ይኸው ቀይ ክሬይፊሽ እ.ኤ.አ በ1970 ወደ ኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ከገባ በኋላ የውሃ ውስጥ እፅዋቱን በልቶ የሐይቁን መልክ ለውጦታል። ሴኔጋል የመለሰችው የራሷን ሽሪምፕ ነው፤ ክሬይፊሽ ግን ለእኛ እንግዳ ነው። ጣና በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 በላይ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። እንግዳ ፍጥረት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እምቦጭ እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ በበቂ አስተምሮናል።

አገራችንም በዚህ በሽታ ላይ የራሷ ታሪክ አላት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው እንዶድን ለዓለም አስተዋወቁ። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ስለሚጎዳ ማንም በራሱ ፈቃድ ወደ ሐይቅ የሚጨምረው አይደለም።

ደቃቆቹ ዘመዶች በጀሪካናችን ውስጥ

ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ የሸርጣን ዘመዶች በሐይቅና በኩሬ ውሃ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። የውሃ ቁንጫዋ ሰውነቷ ብርጭቆ ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ልቧ ሲመታ ይታያል። የሚገርመው፣ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ እንደኛ ሄሞግሎቢን ሠርታ ትቀላለች። ለዓሣ ጫጩቶች እነዚህ ፍጥረታት ዋና ምግብ ናቸው።

ከእነርሱ መካከል ሳይክሎፕስ የሚባለው ባለ አንድ ዐይን ፍጥረት የጊኒ ዎርም እጭ ይሸከማል። ይህ ትል ኢብን ሲና በቃኑን መጽሐፋቸው የጠቀሱት በመዲና ስም የሚጠራው ትል ነው። በሽታው እ.ኤ.አ በ1986 በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ ነበር፤ በ2024 ግን 15 ሰዎች ብቻ ተመዝግበዋል። በአገራችን የቀረው በጋምቤላ በኩል ሲሆን በ2023 እና በ2024 በሰው ላይ አልተመዘገበም። ለዚህ ያበቃው ክትባት ወይም መድኃኒት አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ውሃን በጨርቅ ማጥለል ነው።

የኮሌራ ተህዋስም በነዚህ ደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት ላይ ተለጥፎ ይኖራል። በባንግላዴሽ ሴቶች ያረጀ የጥጥ ሳሪ ቢያንስ አራት እጥፍ አድርገው ውሃ ሲያጠልሉ ኮሌራ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ እ.ኤ.አ በ2003 ተዘግቧል። ማጥለል ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከዚያ በኋላ ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ መጨመር ያስፈልጋል።

ስለ መብላትና ስለ መድኃኒት

ሸርጣንን ስለመብላት መዝሐቦች ይለያያሉ። በሐነፊይ መዝሐብ ከውሃ እንስሳት የሚፈቀደው ዓሣ ነው። በሻፊዒይ መዝሐብ የታወቀው አቋም በውሃም በየብስም የሚኖረውን ሸርጣን አይፈቅድም። ማሊኪዮች ይፈቅዳሉ። ዝርዝሩን ከዑለሞቻችን ጠይቁ። በጤና በኩል ግን ሦስት ነገሮችን ላስታውሳችሁ።

አንደኛ፣ በሎብስተር፣ በሽሪምፕና በሸርጣን ሥጋ ውስጥ ያለ ትሮፖማዮሲን የሚባል ፕሮቲን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። ማብሰል አያጠፋውም። በውጭ አገር በምግብ ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በልተው ከንፈራቸው ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ሳይዘገዩ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ሁለተኛ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጠው ግሉኮሳሚን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከነዚሁ እንስሳት ቅርፊት ነው። አለርጂ ያለበትም፣ ስለ ሐላልነቱ የሚጠነቀቅም ሰው ከመግዛቱ በፊት የመድኃኒት ባለሙያ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ በእስያና በምዕራብ አፍሪካ ያልበሰለ ሸርጣን የበሉ ሰዎች ሳንባን የሚጎዳ ትል ይይዛቸዋል። ስለዚህ ጥሬውን ለመድኃኒት ተብሎ ለማንም፣ በተለይም ለሕፃን እንዳትሰጡ።

ለዚያች እናት ያልነገርኳት

አሁን ለሁላችንም ልንገር።

1. ፕራዚኳንቴል የሚሰጠው በክብደት ወይም በቁመት ተለክቶ ነው። ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ መራራ ስለሆነ ሳይታኘክ ይዋጣል። ጥቂት የሆድ ቁርጠትና ማዞር ሊኖር ይችላል፤ ያልፋል። ያደገውን ትል ይገድላል፤ ገና ያላደገውን ግን በደንብ አይገድልም፤ ዳግም ከመያዝም አይከላከልም። ደሙ ከተመለሰ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። በትምህርት ቤት ሲታደል ልጆቻችሁን አታስቀሩ።

2. ልጆች በዳርቻው ሣርና ደንገል መካከል፣ በተለይ በረፋድና በቀትር አይዋኙ። ደንገል የሚያጭዱና መረብ የሚጥሉ ወንድሞች ቢችሉ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ ያድርጉ።

3. ውዱእ ለማድረግ ወደ ሐይቁ አትግቡ። ውሃውን ቀድታችሁ ቀንድ አውጣ በሌለበት ንጹሕ በርሜል ወይም ጀሪካን ሁለት ቀን አሳድሩት። እጮቹ ወደ ሰው ካልገቡ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ። በሐይቅ ዳር ያላችሁ የመስጂድ ኮሚቴዎች በርሜሎች ብታዘጋጁና በተራ ብትሞሏቸው ሰጋጁን ይጠቅማል።

4. የሚጠጣ ውሃ አጥልሉ፣ ከዚያም አፍሉ ወይም አክሙ።

5. ከሁሉም በላይ መጸዳጃ ቤት! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን፣ በውሃ መቅጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን እንደከለከሉ በመድረሳ የተማርን ሁሉ እናውቃለን። ሰገራ ወደ ሐይቁ ካልደረሰ ቀንድ አውጣው ብቻውን ማንንም አያሳምምም። የበሽታው ሰንሰለት የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው፤ መበጠሻውም በእኛ በሰዎች እጅ ነው።

ያ ልጅ ይህን ጽሑፍ ሲነበብ ከሰማ፣ ለጥያቄው መልሱ ይኸው፦ ሸርጣንህ ደም አለው፤ አላህ በብረት ፈንታ መዳብ ስላደረገበት እንደ አንተ አይቀላም። የቆረጠው እግሩም ይበቅልለታል። ስለዚህ ጣሳውን ይዘህ ሂድና ወደ ሐይቁ መልሰው። አንተ ግን ውሃው ውስጥ ሳትገባ ከድንጋዩ ላይ ሆነህ መልሰው።